የቤታችን ሳል

በደርግ ዘመን መተማ ዮሐንስ የጉምሩክ ፈታሽ ሆኜ ስሠራ፣ ብዙ ዓመት አንድም ኮንትሮባንዲስት እጅ ከፍንጅ አልያዝኩም። ሰነፍ ሆኜ ወይም ጉቦ በልቼ አይደለም። ሳል ስለነበረብኝ ነው።

ሳሌን ያልሰማ ሰው ነገሩን አቅልሎ ያየዋል። ከደረቴ ሥር ተነሥቶ፣ እየተንከባለለ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ የሚፈነዳ እርጥብ ሳል ነው። በጋና ክረምት አይለይም። ከሱዳኗ ጋላባት ወዲህ በጫካው ውስጥ ለውስጥ ስኳርና ሳሙና፣ ሽቶና ጨርቅ ተሸክመው የሚሻገሩት ሴቶች እኔ ገና ከኬላው ሳልርቅ ይሰሙኛል። ስደርስ የማገኘው የተረጋገጠ ሣር ብቻ ነው። የሽቶው ሽታ እንኳን አየሩ ላይ ቀርቶ እንደነበር አብረውኝ የሚወጡት ሰዎች ናቸው የሚነግሩኝ፤ የእኔ አፍንጫ ከተወለድኩ ጀምሮ ዝግ ስለሆነ ምንም አይሸተኝም። ከሴቶቹ አንዷ ገበያ ላይ አግኝታኝ፣ «እግዜር ሳልህን ያቆይልን» ብላ ከልቧ መርቃኛለች።

የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብዬ ሁለት ጊዜ መርፌውን ጨርሻለሁ። አክታዬ ሲመረመር ምንም አይገኝበትም፤ ግን በዚያ ዘመን እንደኔ የሚስል ሰው ሌላ ምን ይባላል? ሻይ ቤት የራሴ ብርጭቆ ነበረኝ፤ አፉ የተሸረፈ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮቱ ላይ የሚቀመጥ። ባለቤቴ ብቻ ናት ከኔ ጋር ከአንድ ጣሳ የምትጠጣው። የወሎ ልጅ ናት፤ አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው እዚያው የቀሩ። እሷም ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ወንፊት ስትነቀንቅ ነው ያደገችው፤ ክንዷን ያየ ወንድ ሁሉ በትሕትና ነው ሰላም የሚላት። ከተጋባን ብዙ ዓመታችን ነበር። ልጅ የለንም። እናቷ ያላስጠመቋት ጠበል አልነበረም።

አንድ ቀን ከጎንደር ተቆጣጣሪ መጣና የኬላችን ኃላፊ ሥራችንን ሊያሳየው ፈለገ። ደረቁ ወንዝ ዳር አድፍጠን ተጋደምን። ኃላፊዬ ከረሜላ ሰጠኝና በጆሮዬ፣ «ይህን ምጠጥ። እስክልህ ድረስ እንዳትተነፍስ» አለኝ። መጠጥኩ። ሴቶቹ ከነጭነታቸው ከዛፎቹ መካከል ብቅ ሲሉ ያ ነገር ደረቴ ውስጥ መንከባለል ጀመረ። አፌን በሁለት እጄ አፈንኩት። ምንም አልጠቀመም። ከረሜላው ተተኩሶ የተቆጣጣሪው ማጅራት ላይ ተለጠፈ፤ ሴቶቹን ጫካው ዋጣቸው።

በማግሥቱ ኃላፊዬ ቢሮው አስጠራኝ።

«ጓድ፣ ይህ ሳል የመንግሥትን ገቢ እየጎዳ ነው» አለኝ። «ጎንደር ሄደህ ታከም። ካልዳንክ ገለጉ አዛውርሃለሁ። እዚያ መንገዱ ስለማያስኬድ ሳልህም የትም አይደርስም።»

ሰሊጥ የጫነ ኤንትሬ መኪና ላይ ተሳፍሬ ጎንደር ወጣሁ። ሆስፒታል ራጅ ካነሡኝ በኋላ የተመደበልኝ ሐኪም ቀጭን፣ ወጣት፣ ድምፁ ዝቅ ያለና የማይስቅ ሰው ነበር። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና ራጅ የሚያነሣውን ሰውዬ አስጠራው።

«ገልብጠህ ነው ያነሣኸው።»

ሰውዬው አልገለበጥኩም ብሎ ማለ። እንደገና አነሣኝ። ያው ሆነ። ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። በመጨረሻ ሐኪሙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ግራ ደረቴ ላይ አሳረፈው። አዳመጠ። ፊቴን አየኝ። ማዳመጫውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ መሥራቱን አረጋገጠ። ከዚያ ወደ ቀኝ አሻገረውና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ።

«ልብህ በቀኝ ነው» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ ደንግጬ።

«ከእናትህ ሆድ ጀምሮ። ጉበትህም በግራ ነው። ውስጥህ ያለው ሁሉ በመስታወት እንደሚታይ ሰው ተገላብጦ ነው የተቀመጠው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የመረመሩኝ ሁሉ ምን ሲያዳምጡ ነበር?»

«እሱን እኔም እያሰብኩ ነው» አለ።

ወዲያው የሕክምና ተማሪዎች ተጠርተው መጡና ተራ በተራ አዳመጡኝ። እጃቸው ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር። እንደዚያ ቀን ሰው ተሰልፎ ፈልጎኝ አያውቅም፤ ደስ አላለኝም አልልም።

በሚቀጥለው ቀን ሐኪሙ ወንበር ላይ አንገቴን አስደፍቶ ካስቀመጠኝ በኋላ ከስኳር ይበልጥ የሚጣፍጥ ነው ያለውን ነጭ ፍርፋሪ አፍንጫዬ ውስጥ አስገባ።

«ወደ ውስጥ እንዳትስበው። ጉሮሮህ ላይ ሲጣፍጥህ ንገረኝ» ብሎኝ ሄደ።

ጠበቅኩ። ሐኪሙ ተመልሶ፣ «ጣፈጠህ?» አለ። «አልጣፈጠኝም።» ሄዶ ሌሎች በሽተኞች አይቶ መጣ። «አሁንስ?» «ምንም።» አጠገቤ ወረፋ የሚጠብቁ እማማ መድኃኒት መስሏቸው፣ «ለእኔም ትንሽ ያድርጉልኝ፣ አፌን መሯል» ብለው ለመኑት። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እኔ አንገቴን እንደደፋሁ ነበርኩ።

«አሁንም አልጣፈጠህም?»

«ዶክተር፣ በቀጥታ አፌ ውስጥ ቢያደርጉልኝስ?»

ያን ጊዜ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። የሰው አፍንጫና የአየር ቧንቧ ውስጡ በዓይን በማይታዩ ፀጉሮች የተሸፈነ መሆኑን ነገረኝ። ፀጉሮቹ ሌት ተቀን እየተወዛወዙ አቧራውንና አክታውን ከሳንባ ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ፍርፋሪውንም ጠርገው ጉሮሮዬ ማድረስ ነበረባቸው። «ያንተዎቹ ግን አይንቀሳቀሱም» አለኝ። «ስለዚህ ቆሻሻው እዚያው ይከማቻል፣ ይመግላል፣ ቧንቧውን እየለጠጠ ያበላሸዋል። ልብ በቀኝ የሚሆነውም ከዚሁ በሽታ ጋር ነው። ነቀርሳ አይደለም። ወደ ሰው አይተላለፍም።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት። ደገመልኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ አስደገምኩት። ሰው ሁሉ ከኔ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ የኖረበት ዘመን በዓይኔ መጣብኝ፤ ከዚያ ያው ሳሌ መጣ።

«ታዲያ እኔ ከማን ነው የያዘኝ?» አልኩ ሳሉ ሲለቀኝ።

«ከአባትና ከእናትህ ወርሰኸው ነው። እነሱ ጤነኞች ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው በደማቸው ይዘውታል። ከሁለቱም የደረሰው ልጅ ይታመማል።» ትንሽ አመነታና፣ «ወላጆችህ ዘመዳሞች ናቸው?» አለ።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አባቴ ጭልጋ ውስጥ በአገሩ ሁሉ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ናቸው። ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ ሰባት ቤት መሙላቱን የሚያረጋግጠው እሳቸው ዘንድ ቀርቦ ነው። ድግሱ ተደግሶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ «ስድስት ነው» ብለው ሠርግ ያፈረሱ ሰው ናቸው።

«ዶክተር፣ ይህን ጥያቄ አባቴ እንዳይሰሙ» አልኩት።

«መጠየቅ ስላለብኝ ነው። የሚስል እኅት ወይም ወንድም አለህ?»

አለችኝ። ታላቅ እኅቴ፣ እዚያው ጭልጋ ያገባች፣ ከኔ የማይለይ ሳል የምትስል። ይዘሃት ና አለኝ። ልወጣ ስል በሩን ዘጋ አደረገና ልጅ እንዳለኝ ጠየቀኝ። እንደሌለኝ ስነግረው፣ የወንድ ዘርም የሚዋኘው በዚያው ዓይነት በሚወዛወዝ ጅራት መሆኑን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የኔ አይዋኝም ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ባለቤቴ በጠበል ስትንቀጠቀጥ ያየኋት ሁሉ ነው የታሰበኝ።

ጭልጋ ስደርስ አባቴ ደጃፋቸው ላይ ሁለት ሽማግሌዎችን ዘር ቆጥረው እያሰናበቱ ነበር። እስኪሄዱ ጠብቄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና እየተንተባተብኩ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ሐኪሙ ጠይቅልኝ ያለኝ ነገር አለ። እርስዎና እማዬ… ዘመድ ይሆኑ እንደሆን።»

አባቴ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ሐኪሙ የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም።»

«አየህ! የራሱን ሳያስቆጥር የሰው ይቆጥራል።» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በእሳቸው በኩል እስከ ሰባት፣ በእናቴ በኩል እስከ ሰባት፣ አንድም ሳይደናቀፉ ወረዱት። «የት ላይ ነው የተገናኘው? አሳየኝ!»

እናቴ ከውስጥ እህል እያበጠረች ትሰማ ነበር።

«የእኔ ቅድመ አያትስ?» አለች። «ከናንተ ቤት ወደኛ የተዳረችው።»

«የቷ?»

«አንድ ዓይኗ የጠፋው።»

«እሷማ የእንጀራ ልጅ ናት፤ ደሙ አይቆጠርም።»

«የእንጀራ ልጅ ናት የተባለችው እኮ በሠርጋችን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊትማ የአብራክ ልጅ ነበረች።»

አባቴ በጣታቸው እንደገና መቁጠር ጀምረው ተዉት። ኋላ ከዘራቸውን አነሡና፣ «ጎንደር እኔም እሄዳለሁ። ከዚያ ሐኪም ጋር ፊት ለፊት እንነጋገራለን» አሉ።

እኅቴ አማቷ ግቢ ጥግ ላይ ለብቻዋ በተቀለሰላት ጎጆ ነበር የምትኖረው፤ ልጆቿ ሲመሽ ወደ ትልቁ ቤት ይወሰዱባታል። ከበሩ ስደርስ ሳልኩ። ከውስጥ ያው ሳል መለሰልኝ። «ወንድሜ መጣ!» ብላ ወጣች፤ ሳታየኝ።

«እታለም፣ ነቀርሳ አይደለም» አልኳት።

«ማን አለ?»

«ሐኪም።»

«እስኪ አማቴ ሲሰሙ ይበል።»

ጎንደር ላይ ነጭ ፍርፋሪው እኅቴንም አልጣፈጣትም። ልቧ ግን በግራ ነበር፤ ተማሪዎቹ ትንሽ ቅር አላቸው። ሐኪሙ፣ በዚህ በሽታ ልብ የሚዞረው ሳንቲም እንደተወረወረ ነው፣ ግማሹ ሰው ላይ ይዞራል፣ ግማሹ ላይ አይዞርም ብሎ አስረዳት።

«ይሄማ ከልጅነቱም ጫማ አገላብጦ ነው የሚያደርገው» አለች ወደኔ እየጠቆመች።

አባቴ እኔም ካልተፈተንኩ ብለው አፍንጫቸውን አስቀድመው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ብድግ አሉ።

«ጣፈጠኝ! የኔ ይጠርጋል! ይጻፍልኝ!»

«አባባ፣ እርስዎ ጤነኛ ነዎት» አለ ሐኪሙ። «ግን ለልጆችዎ አውርሰዋል።»

«የሌለኝን እንዴት አወርሳለሁ? የነበረኝን መሬት መንግሥት ወሰደው፤ የተረፈኝ ውርስ ይሄ ነው?»

«አለዎት፣ ግማሹ። ሌላው ግማሽ ባለቤትዎ ዘንድ ነው።»

አባቴ አሰቡበት። «ግማሽ ከሆነ ይሁን» አሉ። ስለ ዘር ቆጠራው ማንም አላነሣም፤ ሐኪሙም እንደገና አልጠየቀም። እኅቴ ብቻ የማይተላለፍ መሆኑ በወረቀት ላይ እንዲጻፍላት ለመነች። «ማኅተም ይኑረው፤ ትልቅ ማኅተም። ማንበብ ባይችሉም ማኅተም ያያሉ።»

ሕክምናውን ስሰማ ግን የሚቀልድብኝ መሰለኝ። የሚያድን መድኃኒት የለም። ትኩሳት ሲመጣና አክታው ሲጠቁር የሚወሰድ ኪኒን አለ። ዋናው ነገር ግን ጧትና ማታ አልጋ ላይ በደረት ተኝቶ፣ ጭንቅላትን ወደ መሬት አንጠልጥሎ፣ ሌላ ሰው መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ጀርባን እንዲመታ ማድረግ ነው፤ የማይጠርጉት ፀጉሮች ያስቀሩት ሁሉ እስኪወጣ። «የሚመታህ ሰው አለ?» አለኝ። የባለቤቴ ክንድ ትዝ አለኝና፣ «አለ» አልኩት።

መተማ ስገባ መጀመሪያ ሐኪሙ ስለ ልጅ ያለውን ለባለቤቴ ነገርኳት። ወንፊቱን አስቀመጠች።

«እናቴ በየጠበሉ ስትነክረኝ አንተ ደጅ ቁጭ ብለህ ስትስል ነበርኮ!» አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እንባ ይሁን አፍንጫዬ መለየት ግን አልተቻለም። በመጨረሻ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ለእናቴ የምትነግራት አንተ ነህ» አለችኝ። ነገርኳቸው። አማቴ በሚቀጥለው እሑድ እኔን ይዘው ጠበል ሄዱ። በጣም ይቀዘቅዛል።

ሕክምናውን ጀመርን። በገመድ የተጠለፈውን አንገረብ አልጋችንን በግርጌ በኩል ጡብ አስገብተንበት ከፍ አደረግነው። እኔ ቁልቁል ተንጠለጠልኩ፤ እሷ ወንፊት በነቀነቀ ክንዷ መታችኝ። ግድግዳችን ሸምበቆና ጭቃ ነው። ቧ፣ ቧ፣ ቧ ይላል፤ እኔ አቃስታለሁ፣ እስላለሁ፤ እሷ፣ «አውጣው! ገና ነህ! አውጣው አልኩህ!» ትላለች።

ጎረቤታችን የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። ሰሞኑን ሻይ ቤት ስገባ ወንዶቹ በሐዘን ያዩኝ ጀመር። አንዱ የትራክተር ሾፌር ትከሻዬን ይዞ፣ «አንተም እኮ እጅ አለህ፣ ወንድሜ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቀበሌ ስንጠራ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። ኃላፊዬም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ጉዳይ ነው ተብሎ መጥቷል።

«ጓዲት፣ ባልሽን ትደበድቢያለሽ ተብሏል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጓድ ሊቀመንበር። ጧትና ማታ።»

«ለምን?»

«ሐኪም አዞለት።»

ሐኪሙ ለመሥሪያ ቤቴ የጻፈልኝን ወረቀት ሰጠሁት። እየሳለ አነበበውና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ልቡ… በቀኝ በኩል ነው?» ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ። በዚያ ዘመን ቀኝ የሚባል ቃል የሚቀለድበት አልነበረም። የሴቶች ማኅበሯ ወንበሯን ከኔ ትንሽ አራቀች።

«ጉበቱ ግን በግራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች ባለቤቴ።

«ጉበት ደግሞ ከልብ ይበልጣል» አለ ኃላፊዬ ፈጥኖ። «በክብደት ማለቴ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጸሐፊውን፣ «ሚዛኑ ወደ ግራ መሆኑ ተረጋግጧል ብለህ ያዝ» አለው። ከዚያ ነገሩን በተግባር አሳዩን ተባልን። አግዳሚው ላይ ተንጠለጠልኩ፤ መታችኝ፤ የወጣው ወጣ። ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ፤ ሊቀመንበሩ ብቻ አተኩሮ ያይ ነበር። ሲጋራውን አጠፋና፣ «እስኪ እኔንም» አለ።

ከጓድ ሊቀመንበሩ ደረት የወጣውን አልገልጽም። በሳምንቱ ግን በራችን ላይ የሚስል ሁሉ ተሰለፈ፤ የመጋዘን ተሸካሚ፣ ፖሊስ፣ ከአብደራፊ አቧራ ጠጥቶ የመጣ የትራክተር ረዳት። ባለቤቴ ወጥታ፣ «እኔ ያለኝ አንድ ባል ነው፤ ሂዱና ሚስቶቻችሁ ይምቷችሁ» ብላ በተነቻቸው።

ጧት ሳሌን ሁሉ ስዬ ስለምጨርስ ቀኑ ነጻ ሆነ። እንዲህ ያለ ዝምታ ደረቴ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ አንዳንዴ ሕያው መሆኔን ለማረጋገጥ እጄን ቀኝ ደረቴ ላይ አሳርፋለሁ። አንድ ቀን በጫካው ስሄድ የወፍ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ አለፍ ስል ሴቶቹ ከዛፍ ሥር ጭነታቸውን አውርደው ተቀምጠው ያወራሉ። መካከላቸው ቆምኩ። ገበያ ላይ የመረቀችኝ ሴት ቀና ብላ አየችኝና ጮኸች።

«አንተ! ሳትስል ትመጣለህ? ምን ያለ ክፋት ነው?»

ጭነታቸው ኬላ ገባ፤ ኃላፊዬም ገለጉን ከዚያ ወዲያ አላነሣም። ከዚያች ሴት ጋር ግን ብዙ ዓመት ሰላምታ አልነበረንም።

አልዳንኩም። ክረምት ሲገባ ትኩሳቱ ይመጣል፣ ኪኒኑን እወስዳለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ። እኅቴ በማኅተሟ ትልቁ ቤት ገባች፤ አማቷ ወረቀቱን በምስማር በሩ ላይ መቱት። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ባሏ ለሥራ ሲወርድ እሷም አብራው ትመጣለች። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሁለቱን አንገረቦች ጎን ለጎን ታደርግና መካከል ቆማ በቀኝ እጇ እሷን፣ በግራ እጇ እኔን ትመታለች። እኅቴና እኔ ቁልቁል ተንጠልጥለን፣ ፊታችን ቀልቶ እንተያያለን።

«እኔን ነው የበለጠ የምትመታው» ትላለች እኅቴ።

«ቀኝ እጇ ስለሆነ ነው» እላታለሁ።

«ዝም በሉና ሳሉ!» ትላለች ባለቤቴ።